የራስ ቁር በልክ

ልከለክላት ነበር አብሬያት የሄድኩት፣
ጎማና ብየዳ ከሚሸትበት፣
ከሻርጃ ኢንዱስትሪ፣ ከመጋዘኑ ሰልፍ፣
ሰኞ፣ የእረፍት ቀኗ፣ ፀሐይ ጣራ ላይ ስታርፍ።

ሩቅያ እህቴ ናት። ሳሎን ጸጉር ትሠራለች።
ባለፈው ሳምንት ደውላ "ሞተር ገዛሁ" ትለኛለች፤
ከማሪቼል ጋር ለሁለት፣ አሮጌ፣ ጎኑ የተፋቀ፣
አስፋልት የማያውቅ፣ ከአሸዋ ጋር ብቻ የተዋወቀ።
"አሸዋ እኮ ለስላሳ ነው" አለች።
ለስላሳ!
እኔ ዘጠኝ ዓመት በዚህ አገር የውሃ ቦቴ ስነዳ
አይቼዋለሁ፤ ከሩቅ ፍራሽ ነው፣ ሲወድቁበት ግድግዳ።
"ስድስት ቀን" አለች፣ "ለሰው ጸጉር ንፋስ ስነፋ እውላለሁ፤
በሰባተኛው ለኔ ይንፈስ።" ለዚህ ምን እመልሳለሁ?

ባለሱቁ ሻጂ ይባላል፤ ኬራላ ነው አገሩ፤
ግንባሩ ላይ መነጽሩ፣ አንገቱ ላይ ሜትሩ።
ስንት ድርሃም ይዛችኋል አላለም። "ራስ ይቀድማል" አለ፣
ሻሿን አየና አፍሮ፣ ሜትሩን ለኔ አቀበለ፤
ዞር ብሎ ካርቶን መደርደር ጀመረ።

ከልጅነታችን ወዲህ ጭንቅላቷን ይዤ አላውቅም።
ሜትሩን ከቅንድቧ በላይ፣ ከጆሮዋ ኋላ ሳዞር
ከሻሿ ላይ ዳበስኳት፣
ያቺን ጠባሳ፣ ባቄላ የምታክል፣
ሰባት ዓመቷ ላይ ከበቅሎ የወደቀች ለት የተረፈቻትን።
"ሃምሳ ስድስት" አልኩ፣ ድምፄ ሳይስተካከል።

ሻጂ በተሰባበረ አረብኛ፦ "ይጥበብ። እንደ አክስት ጉንጭሽን ይቆንጥጥሽ።
ወዲያ ወዲህ ሲያዞሩት ቆዳሽ አብሮ ካልሄደ፣ ልክሽ አይደለም፣ ይቅርብሽ።"
ያገለገለ የለህም ወይ? አልኩት፣ ዋጋውን አይቼ።
ሳቀ። "የሰው ጫማ ይገዛል፤ የሰው ቁር አይገዛም፤
ስንቴ እንደወደቀ ቢጠይቁት አይናዘዝም።"

ጫማው ግን ያገለገለ ተገኘ፤ እንደ ጄሶ የደረቀ፣
እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ በአራት ዘለበት የታነቀ።
ሠላሳ ስምንት የለም፤ ሠላሳ ዘጠኝ፣ በወፍራም ካልሲ።
ስትራመድ፣ እግሯ ላይ ጡብ የታሰረባት ዶሮ።
"አንተ ሳቅ" አለችኝ፣ "ቁርጭምጭሚቴ እንዳያለቅስ ነው።"

የደረት ጋሻ። የጉልበት። የክርን።
ጓንት ላይ ቆየች፤ አሥሩንም ጣት አንድ በአንድ አጠፈች ዘረጋች፣
ለመቀስ የሚታዘዙ፣ የወር ኪራይ የሚከፍሉ ጣቶች።
ከዚያ ከቦርሳዋ ፖስታ አወጣች፤
ጉርሻ የተጠራቀመበት፣ ባለ አምስት፣ ባለ አሥር፣
ሻምፑ ሻምፑ የሚል።
ዘጠኝ መቶ ላይ ደረሰና አለቀ።
የአሸዋ መነጽሩ ቀረ።
"ለዛሬ ይቅር፤ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ..."
ሻጂ እኔን አየኝ። ምንም አላለም፤ አየኝ ብቻ።

ኪሴ ውስጥ ለመንጋጋ ጥርሴ ያስቀመጥኩት ነበረ።
በግራ በኩል ማኘክ ለምጃለሁ።
አወጣሁት። ልከለክላት መምጣቴን ረስቼ እንዳይመስላችሁ።

ቦቴው ውስጥ ገባን፤ ጫማና ጋሻው ከእግራችን ስር።
ቁሩን አላወለቀችም፣ መነጽሩንም፤
ጎኔ ተርብ ተቀምጣ የምትሄድ መሰለኝ።
ቀይ መብራት ያዘን። ሞተሩ ያጓራል፣ ዳሽቦርዱ ይንቀጠቀጣል፣
እሷም ጆሮዋ በስፖንጅ ተደፍኗል።
ሃያ ዓመት ሙሉ የዋጥኩትን ያኔ ልናገር ደፈርኩ፦
"በቅሎዋን ከኋላ በአለንጋ የመታኋት እኔ ነበርኩ።"

ተርቧ ዞረች።
አገጩን በጓንት እጇ ከፍ አድርጋ፣
"ምን አልክ?"

"ቀበቶሽን" አልኩ። "ቀበቶሽን እሰሪ።"

አረንጓዴ በራ፣ ከኋላ ጥሩምባ ጮኸ።
ቀበቶዋ ግን ታስሮ ነበር።